ጋሽ ጆሮ እና የፕሬዚዳንቱ አራት ደቂቃ

ጉድጓዱ የተደረመሰው ረፋድ ላይ ነበር። ልጁ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከታላቅ ወንድሙ ጋር በሰው ግቢ የውሃ ጉድጓድ ይቆፍር ነበር፤ ወንድሙ ከላይ ሆኖ አፈሩን በባልዲ ይስባል፣ እሱ ከታች ይቆፍራል። አሥራ አንድ ሜትር ላይ ሲደርሱ አንደኛው ግድግዳ ሆዱን ነፋ አደረገና ወረደበት። አቧራው ሲቀመጥ እስከ ደረቱ ተቀብሯል፤ ቀኝ እግሩ ደግሞ ከድንጋይ ስር ነው።

«አለህ?» አለ ወንድሙ ከላይ።

«አለሁ።»

«አይዞህ፣ በርታ!»

«ምኑን ነው የምበረታው? ና አውጣኝ እንጂ!»

እሱን ለማውጣት ሃያ ስድስት ሰዓት ፈጀ። ጎረቤቱ ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ ወጥቶ በጎን በኩል ሌላ ጉድጓድ ቆፈረ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ወንድሙ ከጉድጓዱ አፍ ንቅንቅ አላለም። ልጁ ራሱን እንዳይስት ያለማቋረጥ ያወራለታል፤ ወሬ ሲያልቅበት የሰፈሩን ሰው በየተራ እያነሳ ያማ ጀመር። የሚታሙት ሰዎች እዚያው አጠገቡ ይቆፍሩ ነበር። «እኔን በሕይወት ያቆየኝ ሐሜት ነው» ይላል እስከ ዛሬ፣ ጠያቂ ሲያገኝ።

ሐኪሙ እግሩን ሳይቆርጥ አተረፈለት። «ትሄድበታለህ፤ ሸክም ግን አይችልም» አለው። ከጉልበቱ ሌላ የሚሸጠው ለሌለው ልጅ ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። ስምንት ወር ተኛ። በዘጠነኛው ወር የምክር ቤቱ አዳራሽ ዘበኛ የነበረው አጎቱ አለቆቹን ደጅ ጠንቶ ጠራጊ አድርጎ አስቀጠረው።

አዳራሹ ስድስት መቶ አርባ ወንበሮች ነበሩት። ልጁ በዓመት ውስጥ የትኛው ወንበር ሲጥ ሲጥ እንደሚል፣ የትኛው ተወካይ የከረሜላ ወረቀት ከመቀመጫው ስር እንደሚጥል ለይቶ አወቀ። የድምፁን ሥራ የሚሠራው «አለቃ» የሚባል ግልፍተኛ ሽማግሌ ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ እየተካሄደ ልጁ መጥረጊያውን እንደያዘ ወደ ድምፅ ክፍሉ አንገቱን አስገባ።

«አለቃ፣ ከኋላ ምንም አይሰማም።»

«አንተ ጠራጊ ነህ ወይስ ተወካይ?»

«ጠራጊ ነኝ። ግን አይሰማም።»

አለቃ እየተነጫነጨ ተነሣ፤ እስከ መጨረሻው ረድፍ ሄዶ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰና ሁለት ማዞሪያዎችን ነካካ። በማግሥቱ ልጁን ጠራውና «መጥረጊያህን አስቀምጥና እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥልኝ። ሲሰማህ ጆሮህን ንካ» አለው። ሥራው በዚህ ተጀመረ። ስሙም እንዲሁ። መጀመሪያ «ጆሮ»፣ ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ «ጋሽ ጆሮ» ተባለ፤ እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ብቻ ቀረ።

አለቃ ጡረታ ሲወጣ ክፍሉን ለእሱ አስረከበው። ጆሮ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ፊደል አይለይም ነበር። ያስተማረው ሰው የለም። በሠላሳ ዓመቱ ከየስብሰባው በኋላ ጠረጴዛ ላይ የሚቀሩትን የንግግር ወረቀቶች እየሰበሰበ፣ በጆሮው የሰማውንና በቃሉ የያዘውን ንግግር ከወረቀቱ ጋር እያገጣጠመ በራሱ ማንበብ ቻለ። ችግሩ የሚያውቀው ጽሑፍ ሁሉ ንግግር መሆኑ ነበር። በአንድ የደንብ ልብስ ፋብሪካ ለምትሰፋ ሴት የመጀመሪያውን የፍቅር ደብዳቤ ሲጽፍ እንዲህ ብሎ ጀመረ፦ «ክብርት የልብስ ስፌት ባለሙያ ሆይ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ዕድል ስለተሰጠኝ በቅድሚያ ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።»

ሴትዮዋ ሦስት ቀን ስትስቅ ሰነበተች፤ በአራተኛው ቀን እሺ አለች። እስከ ዛሬ «ክብርት» እያለ ነው የሚጠራት። ያስቸገረችው እናቷ ነበረች። አማቿ ሊሆን ያለው ሰው ምክር ቤት እንደሚሠራና «ጆሮ» እንደሚባል ስትሰማ ክው አለች። «ልጄን ለጆሮ ጠቢማ አልሰጥም!» አለች። አዳራሹ ድረስ ወስደው ሽቦውንና ማይኩን እስኪያሳዩአት ድረስ ከቃሏ አልተመለሰችም።

ፕሬዚዳንቱን ያወቃቸው ከዚያ በፊት፣ ገና የጤና መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳሉ ነው። የክትባት ሪፖርት ሊያቀርቡ መጥተው መድረኩ ላይ ወጡ። ቀጭን፣ ዝግ ያለ ድምፅ ያላቸው የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበሩ። ወረቀታቸውን ከመግለጣቸው በፊት ቀና ብለው «ከኋላ የተቀመጡት ይሰሙኛል?» አሉ። በዚያ አዳራሽ እንዲህ ብሎ የጠየቀ ተናጋሪ ጆሮ ሰምቶ አያውቅም። ከመጨረሻው ወንበር ሆኖ ጆሮውን ነካ። እሳቸውም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑና ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት እንዲያው ሆነ። የመምሪያ ኃላፊ ሆኑ፣ ሚኒስትር ሆኑ፣ ሁለት ጊዜ ተመርጠው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ አንድም ቀን ወደ መጨረሻው ወንበር ሳያዩ አፋቸውን አልከፈቱም። ተወካዮቹ ሐሳባቸውን የሚሰበስቡ ይመስላቸው ነበር። የሚጠብቁት ግን የአንድ አንካሳ ሰው እጅ ጆሮው ላይ እስኪደርስ ነው። ጆሮ የድምፅ ክፍሉን ከተረከበ በኋላም እሳቸው ሲናገሩ መጀመሪያ ያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ምልክቱን ይሰጥ ነበር።

ፕሬዚዳንት በሆኑ በሦስተኛው ዓመት አንድ የተቃዋሚ ተወካይ ተነሥቶ ልክ ልካቸውን ይነግራቸው ጀመር። አንድ ሹም እያለከለከ ወደ ድምፅ ክፍሉ መጣ።

«ዝጋው!»

«ምኑን?»

«ማይኩን ነዋ!»

«ማይኩ ምን አጠፋ? የሚናገረው ሰውየው ነው።»

«ዝጋ አልኩህ እኮ!»

ጆሮ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ተወካዩ ደቂቃውን ጨርሶ ተቀመጠ። በማግሥቱ ጠዋት ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ ጥሪ መጣ። ክብርት አዲስ ካልሲ አውጥታ ሰጠችው። «ብትታሰርም በንጹሕ ካልሲ ታሰር» አለችው።

ፕሬዚዳንቱ ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው አዩት። «ትናንት ማይኩን አልዘጋም ያልከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ክቡርነትዎ። የሰውየው ደቂቃ አላለቀም ነበር።»

«የሰደበኝን ሁሉ እስከ መጨረሻው ወንበር አሰማኸው?»

«ጥርት አድርጌ።»

ሳቁ። «ነገም እንዲሁ አድርግ» ብለው እጃቸውን ዘረጉለት።

ሁለተኛው የሥልጣን ዘመናቸው ሲያልቅ በዙሪያቸው ያሉ ሰዎች «ሕጉን ትንሽ እናሻሽለውና ይቆዩልን» አሏቸው። «ሕጉ ምን ሆነ? ያረጀሁት እኔ ነኝ» ብለው ቤታቸው ገቡ። እዚያም አልተቀመጡም፤ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ከክትባት ሠራተኞች ጋር በየመንደሩ ዞሩ። የወለዱ እናቶችን ስልክ ቁጥር በራሳቸው እጅ የሚጽፉበት ደብተር ነበራቸው ይባላል።

በሰማንያ አራት ዓመታቸው አገሪቱ ልታከብራቸው ተነሣች። ሜዳሊያ ተዘጋጀ፣ የክብር ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ቦታው ያ አዳራሽ ሆነ። አንድ እንቅፋት ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ጉሮሯቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ድምፃቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ሆኗል። ኮሚቴው ንግግራቸውን አንድ አስተዋዋቂ እንዲያነብላቸው ወሰነ። እሳቸው ደግሞ መልስ ላኩ፦ «እኔው ራሴ እናገራለሁ። ማይኩን ጆሮ ይያዝልኝ።»

ጆሮ ጡረታ ከወጣ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። መኪና በሩ ላይ ቆሞ ሁለት የኮሚቴ ሰዎች መልእክቱን ሲነግሩት ደረቱ ነፋ አለ። «እሺ፣ በደስታ» አለ። ሰዎቹ ሲሄዱ ክብርት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«በየትኛው ጆሮህ ነው የሰማሃቸው?»

«በግራው።»

«ሁሉንም ሰማህ?»

«ዋናውን ሰምቻለሁ።»

ምስጢሩን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ሄደ። ቀጥሎ የማንቆርቆሪያው ፉጨት ሄደ፤ ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን ካላጠፋ አያውቅም። ቀኝ ጆሮው ጭራሽ ተዘግቷል፤ ግራው ወፍራም ድምፅ ይሰማል፣ ቀጭኑን አይሰማም። ከሰው ጋር ሲቀመጡ ክብርት በቀኙ በኩል ሆና ለሁለቱም ትመልሳለች። ጎረቤቱ «ሴትዮዋ አታስወራውም» እያለ ያማታል፤ እሷም ችላ ትሰማለች።

«ንገራቸው» አለችው።

«ምን ብዬ? ጋሽ ጆሮ ደነቆረ ብዬ?»

«አዎ። እንዳለ።»

«ሥራውን በእጄ አውቀዋለሁ» አለና ጋዜጣውን አነሣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚህ ሰው ጆሮ ደግሞ ከባዳም ባዳ ሆኖበት ነበር፤ እሱ ግን ገና ዘመዴ ነው ይላል።

ከበዓሉ ሦስት ቀን በፊት ለልምምድ ሄደ። የድምፅ ክፍሉ ኃላፊ አሁን አንዲት የአርባ ዓመት ኢንጂነር ናት፤ ስለ እሱ ሰምታ ስላደገች በአክብሮት ተነሥታ ተቀበለችው። መድረኩ ላይ ትልቅ የአበባ ክምር ነበር፤ ማይኩ አበባው ውስጥ ተቀብሯል። ሽቦ በካሜራ እንዳይታይ ያዘዘው የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ከአበባው እስከ ተናጋሪው አፍ አንድ ክንድ ተኩል ይሆናል።

ጆሮ እያነከሰ ሄዶ በመጨረሻው ወንበር ተቀመጠ። ኢንጂነሯ በፕሬዚዳንቱ ቦታ ሆና፣ እሳቸው እንደሚናገሩት አድርጋ በሹክሹክታ ወረቀት ማንበብ ጀመረች። አልሰማም። በእጁ «ጨምሩ» አለ። የድምፅ ክፍሉ ውስጥ ያለው ባለሙያ ጨመረ። አሁንም «ጨምሩ» አለ። ወፍራም ጉርምርምታ ደረሰው። አንድ ጊዜ ደግሞ አስጨመረና ፈገግ ብሎ ጆሮውን ነካ።

ቀና ሲል ሰብሳቢው ሁለት ጆሮዎቹን በመዳፉ ደፍኗል። መድረክ የሚያነጥፉት ሠራተኞች ምንጣፋቸውን ጥለው ጎንበስ ብለዋል። ኢንጂነሯ አፏን ከፍታ እጇን ታወናጭፋለች። እሱ ዘንድ ጸጥታ ነው። ሮጣ መጥታ አጠገቡ ስትደርስ ነው ቃሏ የገባው፦ «ጋሼ! ማይኩ እየጮኸ ነው! አይሰማዎትም እንዴ?»

ድምፅ ማጉያው እንዲህ ያለውን ቀጭን ፉጨት ሲያወጣ ከሁሉ ሰው ቀድሞ ሰምቶ ማጥፋት የእሱ ሥራ ነበር። በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አላስጮኸም።

ሰብሳቢው ቀረበና ረጋ ብሎ ተናገረ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። «አባታችን፣ ላደረጉት ሁሉ እናመሰግናለን። የክብር መቀመጫ አዘጋጅተንልዎታል። ንግግሩን አስተዋዋቂያችን ያነበዋል፤ ድምፁ እንደሆነ ማር ነው።»

ጆሮ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ቤቱ ሲገባ ክብርት ከፊቱ አነበበችው። ወንበር ሳበችለት። «ጮኸ?»

«ጮኸ። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። አፈርኩ።»

«ለማን ነው ያፈርከው?»

«ለራሴ ነዋ።»

«እንግዲያው ለራስህ ማፈሩን ዛሬ ጨርስና ነገ ሰውየው ዘንድ ሂድ። ከኮሚቴው ከሚሰሙት ካንተ ይስሙት። ያን ሁሉ ዓመት ‹ይሰሙኛል?› ሲሉህ አንድ ቀን ዋሽተሃቸዋል?»

«አልዋሸሁም።»

«በስተርጅና አትጀምር።»

በማግሥቱ ጠዋት ሄደ። የፕሬዚዳንቱ ቤት በረንዳው ሰፊ፣ ዕቃው ያረጀ ቤት ነው። እሳቸው ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጆሮ ወንበሩን ጎትቶ በግራ ጆሮው በኩል ተጠጋቸውና አፋቸውን እያየ ተቀመጠ።

«ክቡርነትዎ፣ እውነቱን ልነግርዎት ነው የመጣሁት። ጆሮዬ ሄዷል።»

«ወዴት?»

«ድምፅዎ ወደ ሄደበት።»

ሁለቱም ሳቁ። የፕሬዚዳንቱ ሳቅ ወደ ሳል ተለወጠና ልጃቸው ውሃ ይዛ ከቤት ወጣች። ጠጥተው ሲረጋጉ ከጎናቸው አንድ ወረቀት አንሥተው ሰጡት። በኮሚቴው የተዘጋጀው ንግግር ነበር።

«ዘጠኝ ገጽ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንድም ያጠፋሁት ነገር የለበትም። የጻፈው ሰው እኔን አያውቀኝም ማለት ነው።» ትንሽ አረፉ። «አውሮፕላን ማረፊያው ሲሰፋ ከመንደራቸው ያስነሣናቸውን ሰዎች ታስታውሳለህ? በሁለት ዓመት ውሃ አስገባላችኋለሁ ብዬ በዚያ አዳራሽ ቃል ገባሁ። የገባው በዘጠኝ ዓመቱ ነው። እናቶች ዘጠኝ ዓመት በጀሪካን ተሸከሙ። እንዲጋበዙ ጠየቅሁ፤ አርባ ሰው ይመጣል። የት እንዳስቀመጧቸው ታውቃለህ?»

«ከኋላ።»

«ከኋላ። ያ ማር ድምፅ ያለው ልጅ ይህን ሊልልኝ አይችልም። ይቅርታ በተወካይ አይጠየቅም።» ከዚያ የድሮውን ጥያቄ ጠየቁት። «ብናገር ይሰሙኛል?»

ጆሮ እጁን ወደ ጆሮው ሊያነሣ ብሎ ተወው። «አላውቅም። እኔ አልሰማዎትም። ግን እስቲ ይናገሩልኝ፣ ልይዎት።»

እጁን ከአፋቸው ፊት ዘርግቶ አስናገራቸው። ቆመው ሲናገሩ ትንፋሻቸው ቶሎ ያልቃል፤ ተቀምጠው ወደ ኋላ ደገፍ ሲሉ ይሻላል። ትንፋሹ የሚወጣው በግራ የከንፈራቸው ጥግ በኩል ነው። ሰባት ቃል ይላሉ፣ ከዚያ ማረፍ አለባቸው። ሲደክሙ ጭንቅላታቸው ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ይህን ሁሉ በእርሳስ ጻፈ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲያደርጉ ቆዩ። ሲነሣ «ሥራ አለኝ» አለ እንጂ ስለ ማፈር አልተናገረም።

ከዚያ ቀጥ ብሎ አዳራሹ ሄደ። ኢንጂነሯ ብቻዋን ሽቦ ትጠቀልል ነበር።

«ልጄ፣ የትናንቱን ፉጨት አልሰማሁትም» አላት። «ቀጭን ድምፅ ከሰማሁ አራት ዓመቴ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጋሽ ጆሮ ተብዬ!»

ሽቦውን አስቀመጠችና ወንበር አቀረበችለት። «እሺ፣ ምን እናድርግ?»

«ማይኩን ከአበባው እናውጣው። ከአፋቸው በስተግራ፣ በሁለት ጣት ርቀት። ከቀረበ ድምፁን መጨመር አያስፈልግሽም፤ ካልተጨመረ ደግሞ አይጮህም።»

«እሱንማ እኔም ብያቸው ነበር። የካሜራውን ምስል ያበላሻል አሉኝ።»

«ጭንቅላታቸው ይወዛወዛል፤ የቆመ ማይክ አይሆንም። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ በእጄ እይዘዋለሁ። ትንፋሻቸውን አውቀዋለሁ። አንቺ ደግሞ በመጨረሻው ወንበር ተቀመጪና ስሚልኝ።»

ኢንጂነሯ ያን ወንበር ሲለቅ ምን ያህል እንደከበደው ሳይገባት አልቀረም። «ታብሌቴን ይዤ እዚያው ሆኜ ድምፁን እቆጣጠራለሁ» አለች።

«ከዚያ ድረስ? በሽቦ?»

«ያለ ሽቦ።»

«እኛ እኮ ሠላሳ ዓመት በእጅ ምልክት ስንሰቃይ ነበር» አለ፤ ቅናት ቢጤ ያዘው።

ሰብሳቢው መጥቶ የተወሰነውን ሲሰማ ፊቱ ተቀያየረ። «አበባውስ?»

«አበባው ይናገራል እንዴ?» አለ ጆሮ።

«ፊታቸው ይሸፈናል እኮ፣ አባታችን!»

«ፊታቸውን ሕዝቡ ሃምሳ ዓመት አይቶታል። የናፈቀው ድምፃቸውን ነው።»

«በአገር ፊት ቢጮህብንስ?»

«አይጮህም። እኔ እሰማለሁ» አለች ኢንጂነሯ።

ሰብሳቢው ላቡን ጠረገ። በመጨረሻ አንድ ቃል አስገባቸው፦ አንዴ ከጮኸ አስተዋዋቂው ወዲያው ይረከባል። ይህ ሁሉንም ስላስማማ ተለያዩ።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መዝሙር ተዘመረ፣ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ፣ ሹማምንት እየተነሡ አመሰገኑ። ፕሬዚዳንቱ ተራቸው ሲደርስ ከወንበራቸው አልተነሡም። ጆሮ በጥቁር ኮቱ ከጎናቸው ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማይኩን በሁለት ጣት ርቀት ያዘላቸው። አስተዋዋቂው ዘጠኙን ገጽ አቅፎ ከመጋረጃው ጎን ቆሟል። ክብርት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ መሐረቧን በእጇ ጨምድዳዋለች።

ፕሬዚዳንቱ ቀና ብለው ወደ መጨረሻው ወንበር አዩ። «ከኋላ የተቀመጣችሁ ትሰሙኛላችሁ?» አሉ። ኢንጂነሯ ጆሮዋን ነካች።

ጀመሩ። ጆሮ አንድም ቃል አልሰማም። የያዘው ትንፋሻቸውን ነው። በጣቱ አንጓ ላይ ሞቅ እያለ ይመጣል፤ ሰባት ሲሆን ማይኩን ትንሽ ይመልሳል፣ ያርፋሉ፣ እንደገና ያቀርባል። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ጭንቅላታቸው ወደ ቀኝ አዘነበለ፤ እጁ አብሮ አዘነበለ። ያን ጊዜ ኢንጂነሯ መዳፏን ድንገት ብድግ አደረገች። ማይኩ ሊጮኽ ነው። ሰብሳቢው ወደ አስተዋዋቂው ዞረ። ጆሮ አልደነገጠም፤ ከሁለት ጣት ወደ አንድ ጣት አስጠጋው፤ ከንፈራቸውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። እሷ በታብሌቷ ድምፁን ቀነሰች። መዳፏ ቀስ ብሎ ወረደ።

ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከመንደራቸው ከተነሡት ከአርባዎቹ መካከል፣ ትልቅ ካፖርት የለበሱ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ወደ ፊት ተስበው ነበር። ጆሮ ዓይኑን ከእሳቸው ላይ አልነቀለም። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሽማግሌው እጃቸውን አወረዱና ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። የሚሰማ ሰው እንዲያ ነው የሚቀመጠው። ይህን የሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማስረጃ አይፈልግም።

ፕሬዚዳንቱ በአራተኛው ደቂቃ ጨረሱ። ሽማግሌው ተነሥተው ቆሙ፤ አንድ ነገር ተናገሩ። ስድስት መቶ ራስ ወደ ኋላ ዞረ። ፕሬዚዳንቱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሳቁ። ከዚያ ጭብጨባው መጣ፤ እሱን እንኳ ጆሮ ሰማው፣ ወፍራም ድምፅ ነውና፣ በወንበሩ እግርም በኩል ተሰማው። ሜዳሊያው ሲጠለቅላቸው ሰብሳቢው ራሱ አበባውን ከመንገድ ሲያነሣ ታየ።

ሽማግሌው ምን እንዳሉ ኢንጂነሯ በኋላ ጆሮው ሥር ጮክ ብላ ነገረችው። «ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ጠየቋቸው። ዘጠኙን ዓመት በየዓመቱ ቆጠሩላቸው። ሽማግሌው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹ሰምተናል! ውሃው ቢዘገይም ይጠጣል፤ ይኼ ቃል ግን ከዚህም በላይ እንዳይዘገይ ፈርተን ነበር!›»

በሩ ላይ አንዲት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ጠበቀችው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ከሁሉ የበለጠበት ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ክብርት ልትመልስለት አፏን ስትከፍት እጇን ያዝ አደረጋት።

«ጮክ በይ ልጄ፣ አልሰማም» አለ፤ ጋዜጠኛዋም ደገመችለት።

«እንግዲህ» አለ፣ «ሰዉ ጆሮዬን ነው የሚያመሰግነው። ደግ ነው፤ ሠርቼበታለሁ፣ አላፍርበትም። ለኔ ግን የሚበልጥብኝ ትናንት ወዲያ ጠዋት ነው። በሰባ አምስት ዓመቴ፣ ልጄ ለምትሆን ባለሙያ ‹አልሰማሁም› አልኳት። እሳቸው ደግሞ ዛሬ በሰማንያ አራት ዓመታቸው ‹አጥፍቻለሁ› አሉ። ያገር ሰው ሜዳሊያ ሰጣቸው፤ ይገባቸዋል፣ ዕድሜ ልካቸውን ሠርተዋል። እኔን ብትጠይቂኝ ግን ሜዳሊያው ከንግግሩ በኋላ መሰጠቱን ነው የወደድኩት። ይኼ ቃል ከአፍ እስኪወጣ ይከብዳል፣ ጉሮሮ ይቆርጣል። ከወጣ ወዲያ ሰው እንቅልፉንም ይተኛል፣ ሰውም ያምነዋል። ሌላውን ሥራ ማንም ይሠራዋል።»